የእግር ወለምታም በቅቤ ብቻ አይድንም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። የስፖርት ገጻችሁን በየጊዜው አነባለሁ፣ እወደዋለሁም። አንድ ነገር ግን ሆዴን ሲበላኝ ስለከረመ ልጽፍላችሁ ተነሳሁ። ተጫዋች ቁርጭምጭሚቱን ወለም ሲለው መጠነኛ ጉዳት ተብሎ ይጻፋል። ለሁለት ሳምንት ከሜዳ ይርቃል ይባላል። ሁለቱ ሳምንት ሲያልቅ ደግሞ አገግሞ ተመለሰ ይባላል። በቃ። ከወር በኋላ ያው ልጅ፣ ያው እግር፣ ያው ወለምታ። ለመሆኑ ይህ ልጅ አሁን እንዴት ነው የሚራመደው ብሎ የሚጠይቅ የለም። እናንተ ብቻ አይደላችሁም እንዲህ የምታልፉት። ሬዲዮውም፣ አሰልጣኙም፣ ቤተሰቡም፣ አንዳንዴ ሐኪሙም ጭምር እንደዚያው ነው።

እኔ አዲስ አበባ ውስጥ በፊዚዮቴራፒ ሙያ የምሠራ ሰው ነኝ። የሚመጡልኝ ሁሉ ኳስ ተጫዋቾች እንዳይመስሏችሁ። ቀኑን ሙሉ ቆመው የሚውሉ አስተናጋጆች አሉ። አስተማሪዎች አሉ። ከታክሲ ሲወርዱ ሲወጡ የሚውሉ ረዳቶች አሉ። ታኮ ጫማ አድርገው ኮብልስቶን ላይ የወደቁ የቢሮ ሠራተኞች አሉ። የሚነግሩኝ ነገር ግን አንድ ዓይነት ነው፤ ድሮ ወለም ብሎኝ ነበር፣ ታሸሁ፣ ዳነ፣ አሁን ግን ሜዳ መንገድ ላይ እንኳን ዝም ብሎ ይከዳኛል ይላሉ። ይህ «ይከዳኛል» የሚሉት ነገር የራሱ ስም ያለው፣ ለብዙ ዓመታት የተጠና ችግር ነው፤ ሥር የሰደደ የቁርጭምጭሚት አለመጽናት ይባላል። ለመጀመሪያ ጊዜ ወለም ያላቸውን ሰዎች የተከታተሉ ጥናቶች ውስጥ ከዓመት በኋላም ችግሩ ያልለቀቃቸው እስከ 40 በመቶ የደረሱበት አለ። ከአሥር ሰው አራቱ ማለት ነው። ይህን መጠነኛ ጉዳት ብዬ ልጠራው አልችልም።

እብጠት መጉደል መዳን አይደለም። ሕመም መጥፋትም መዳን አይደለም። የተናደድኩት በዚህ ስለሆነ ምክንያቱን ላስረዳ።

ቁርጭምጭሚት ስንል አንድ መገጣጠሚያ ይመስለናል። ሁለት ነው። በላይኛው በኩል የቅልጥም አጥንትና ከጎኑ የሚወርደው ቀጭኑ አጥንት ታለስ የተባለውን አጥንት ከሁለት ወገን አቅፈው ይይዙታል። እግራችን ወደ ላይና ወደ ታች የሚንቀሳቀሰው በዚህ ነው። የታችኛው ደግሞ ታለስ ከተረከዝ አጥንት ጋር የሚገናኝበት ነው። ውስጥ እግራችን ወደ ጎን ዘንበል ቀና የሚለው በዋናነት እዚህ ላይ ነው፤ ኮረኮንች መንገድ ላይ ሳንወድቅ የምንሄደው በዚህ በታችኛው ቸርነት ነው። ከውጭ በኩል ሦስት ጅማቶች አሉ። ከፊት ያለው ከሦስቱ ደካማው ነው። ወለም ሲለን አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚበጠሰው ወይም የሚለጠጠው እሱ ነው። ጉዳቱ ከበረታ ወደ ተረከዝ የሚወርደው ይከተላል። የኋለኛው ብዙም አይነካም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው አያውቀውም። ታለስ ከፊቱ ሰፋ፣ ከኋላው ጠበብ ያለ አጥንት ነው። የእግራችን ጣቶች ወደ ላይ ሲያዩ ሰፊው ክፍል ይገባና መገጣጠሚያው ጥብቅ ይላል። ጣቶቻችን ወደ ታች ሲያዩ ግን ጠባቡ ክፍል ይመጣል፣ መገጣጠሚያው ይላላል፣ ሸክሙም በጅማቶቹ ላይ ይወድቃል። ደረጃ ስንወርድ፣ ቁልቁለት ስንወርድ፣ ታኮ ስናደርግ፣ ለቴስታ ዘለን ስናርፍ ወለም የሚለን ለዚህ ነው። ከእንጦጦ ማገዶ ተሸክመው ቁልቁል የሚወርዱትን እናቶች አስቧቸው። እግራቸው በጣም በሚላላበት ሁኔታ ላይ ነው ያን ሁሉ ሸክም የሚያሳርፉበት። ስለ ቁርጭምጭሚት ጉዳት ስናወራ ግን እነሱ ትዝ አይሉንም።

ጅማት አጥንትን ከአጥንት የሚያስር ገመድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር። ግን በውስጡ ነርቭ አለው። መገጣጠሚያው በየትኛው አቅጣጫ እንዳለ፣ ምን ያህል እንደተወጠረ ለአንጎል የሚናገሩ የነርቭ ጫፎች አሉበት። እ.ኤ.አ. በ1965 ማይክል ፍሪማን የተባለ እንግሊዛዊ የአጥንት ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ይህን ሐሳብ አቀረበ፦ ጅማቱ ሲጎዳ ነርቮቹም አብረው ይጎዳሉ፣ ስለዚህ ሰውየው እግሩ የት እንዳለ በትክክል አይሰማውም፣ ስለዚህም ይከዳዋል። መድኃኒቱንም አብሮ አመጣ፤ በሚወዛወዝ ጣውላ ላይ ቆሞ ሚዛን መለማመድ። ከዚያ ወዲህ ሳይንሱ ብዙ ርቀት ሄዷል። ዛሬ ነገሩ ከነርቭ ጫፍ አልፎ አንጎል እንቅስቃሴን የሚያቅድበትን መንገድ ጭምር እንደሚነካ ይታወቃል። አንድ እግሩን ብቻ ወለም ያለው ሰው በጤነኛው እግሩም ሲቆም ሚዛኑ ቀንሶ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ይህ ቁርጭምጭሚቱን ብቻ በማሸት ሊመለስ አይችልም።

እንግዲህ አረማመዱን እንይ። የኔ ትልቁ ነጥብ እዚህ ላይ ነው።

ተረከዝ መሬት ከነካበት ቅጽበት ተነስቶ ያው ተረከዝ እንደገና መሬት እስኪነካ ያለውን እንውሰድ። ከዚህ ውስጥ 60 በመቶ ያህሉን ጊዜ እግሩ መሬት ላይ ነው፣ 40 በመቶውን አየር ላይ። ሰው ሁሉ ችግሩ እግር መሬት ላይ ካረፈ በኋላ የሚመጣ ይመስለዋል። የሚጀምረው ግን አየር ላይ ነው። ቁርጭምጭሚታቸው የማይጸና ሰዎች በካሜራና በኮምፒውተር ተቀርጸው ሲራመዱ ሲታዩ፣ እግራቸው ሊያርፍ ሲል ውስጥ እግራቸው ከጤነኛው ሰው ይልቅ በጥቂት ዲግሪ ወደ ውስጥ ዞሮ ተገኝቷል። ጥቂት ዲግሪ ምንም አይመስልም። ነገር ግን ውስጥ እግር ወደ ውስጥ ሲዞር የውጭው ጠርዝ ወደ መሬት ይቀርባል። ጤነኛ እግር ከላይዋ አልፏት የሚሄደውን ጠጠር ይህኛው በጠርዙ ይመታታል። ሳይመታ ቢያልፍ እንኳን በጠርዙ ያርፋል። ያኔ የሰውነት ክብደት በሙሉ ቁርጭምጭሚቱን ወደዚያው ወደ ተጎዳበት አቅጣጫ ይገፋዋል።

ታዲያ ጡንቻው የት ሄዶ ነው ትሉ ይሆናል። በቅልጥማችን የውጭ ጎን ወርደው እግራችንን ወደ ውጭ የሚጎትቱ ጡንቻዎች አሉ። ዋነኞቹ ጠባቂዎች እነሱ ናቸው። ግን ጡንቻ የሚሠራው ነርቩ መልእክት አድርሶ፣ መልሱ መጥቶ፣ ጉልበት እስኪያወጣ ጊዜ ወስዶ ነው። ወለምታ ደግሞ ከዓይን ጥቅሻ ባነሰ ጊዜ ያልቃል። እግሩ መታጠፍ ከጀመረ በኋላ የሚነቃ ጡንቻ ብቻውን አያድንም። የሚያድነው እግሩ ገና ሳያርፍ አስቀድሞ የተዘጋጀ ጡንቻ ነው። እሱን የሚያዘጋጀው አንጎል ነው፣ አንጎል ደግሞ ከቁርጭምጭሚቱ ትክክለኛ ወሬ ካልደረሰው በምን ያዘጋጀዋል? አንዳንዱ ተጎጂ ከፍርሃት ብዛት ጡንቻውን ከሚገባው በላይ ቀድሞ ይወጥራል። እግሩ ድርቅ ይላል። ማታ ባቱ ይዝላል፣ ለምን እንደሆነ ግን አያውቅም።

ከዚያ እግሩ አርፎ ሰውነት ወደፊት ሲሄድ ሌላ ችግር አለ። በጤናማ አረማመድ ተረከዙ መሬት ላይ እንዳለ ቅልጥማችን በእግራችን ላይ አልፎ ወደፊት ያዘነብላል፣ 10 ዲግሪ ያህል። ከዚያ ተረከዙ ይነሳና ጣቶቻችን መሬቱን ገፍተው ያስፈነጥሩናል። በደንብ ያልታከመ ወለምታ ከሚተዋቸው ነገሮች አንዱ ይህቺን 10 ዲግሪ መቀማት ነው። ታለስ ትንሽ ወደፊት ሸሽቶ ሊቀር ይችላል፣ ከፊት ያለው ቦታ ይደፈናል፣ ባት ይጠብቃል። እንግዲህ ሰውየው መራመድ አለበት፣ ሥራ አለው፣ ልጅ ከትምህርት ቤት ያመጣል። ስለዚህ ሰውነቱ ዘዴ ይፈጥራል። አንዱ ተረከዙን ያለጊዜው ያነሳል። ሌላው እግሩን ወደ ውጭ አዙሮ በጎን ያልፋል። ሌላው ጉልበቱን ወደ ኋላ ገፍቶ ይሄዳል። እርምጃው ያጥራል፣ ፍጥነቱም ይቀንሳል። ክብደቱ በውስጥ እግሩ መሀል አልፎ ወደ አውራ ጣት መሄድ ሲገባው በውጭ ጠርዝ ላይ ይጓዛል። እኔ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ ጫማውን ገልብጬ አያለሁ። ብዙ ጊዜ በተጎዳው እግር በኩል ያለው ሶል የውጭ ጠርዙ ከሌላኛው ይበልጥ ተበልቶ አገኘዋለሁ። ሰውየው ግን ደህና ነው የምራመደው ይለኛል። አይዋሽም። ስለለመደው ነው።

ነገሩ ቁርጭምጭሚት ላይ ቢያበቃ ይሻል ነበር። አያበቃም። ውስጥ እግር ወደ ውስጥ ወደ ውጭ ዘንበል ሲል ቅልጥም አብሮት ይዞራል፤ ሁለቱ ተናበው ነው የሚሠሩት። መናበቡ ሲፈርስ ጉልበት ያልተዘጋጀበት መጠምዘዝ ይደርስበታል። ከዚያ ወደ ላይ ዳሌ አለ። በዳሌያችን ጎን ያሉት ጡንቻዎች በአንድ እግር ስንቆም ወገባችን ወደ ሌላው ጎን እንዳይወድቅ የሚይዙት ናቸው። ቁርጭምጭሚታቸው የማይጸና ሰዎች ላይ እነዚህ ጡንቻዎች ደክመው በተደጋጋሚ ይገኛሉ። ቁርጭምጭሚቱ ሚዛን መጠበቅ ሲያቅተው ሥራው ወደ ዳሌ ይተላለፋል፣ ዳሌውም ደካማ ከሆነ ሰውየው ሲራመድ ወደ ጎን ይወዛወዛል። ለጉልበት ሕመም መጥታ ጥያቄ ስጠይቃት ከዓመታት በፊት የነበረ ወለምታ የምታስታውስ ሴት ለኔ አዲስ ነገር አይደለችም። የጉልበት ሕመም ሁሉ ከዚህ ነው የሚመጣው እያልኩ ግን አይደለም።

ለዳሌው ነገር የማውቀው ጥሩ ምሳሌ የቅርጫት ኳሱ ስቴፈን ከሪ ነው። ወጣቶቹ አንባቢዎቻችሁ በደንብ ያውቁታል። ቀኝ ቁርጭምጭሚቱ እየተመላለሰ ወለም ይለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 ጅማቱን ለመጠገን ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፣ በ2012 እንደገና ሌላ። በ2011-12 የውድድር ዘመን ለጎልደን ስቴት ዋሪየርስ የተጫወተው 26 ጨዋታ ብቻ ነው። አለቀለት ያለው ሰው ብዙ ነበር። ያዳነው ቀዶ ሕክምናው ብቻ አይደለም። የአካል ብቃት አሰልጣኞቹ ዳሌውን አጠንክረው፣ አቅጣጫ ሲቀይርና ሲያርፍ ኃይሉን ከቁርጭምጭሚቱ ይልቅ በዳሌው እንዲሸከም አድርገው አሠለጠኑት። መደገፊያም እያሰረ ይጫወት ነበር። በ2015 እና በ2016 የሊጉ ኮከብ ተጫዋች ሆነ። የኛ ልጆች የእሱን ሦስት ነጥብ ተኩስ በስልክ አይተው ይለማመዳሉ፣ ቢለማመዱ ደስ ይለኛል፣ ግን ከተኩሱ በፊት ያ ሁሉ የዳሌ ሥራ እንዳለ የሚነግራቸው ቢኖር እንዴት ጥሩ ነበር!

ስለ ጨለማም ላንሳ። ቁርጭምጭሚታቸው መረጃ የማይሰጣቸው ሰዎች ሚዛናቸውን ለመጠበቅ በዓይናቸው ይበልጥ ይደገፋሉ። መሬቱን እያዩ ነው የሚራመዱት። ስለዚህ ማታ፣ መብራት ሲጠፋ፣ ወይም ስልክ እያዩ ሲሄዱ ይከዳቸዋል። በእኛ ከተማ ደግሞ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የኮሪደር ልማቱ በዋና ዋና መንገዶች ዳር ሰፊና ደልዳላ የእግረኛ መንገድ አምጥቷል። ለእግር ትልቅ ነገር ነው፣ መመስገን አለበት። ወደ ውስጥ ሰፈር ስትገቡ ግን የተነቀለ ኮብልስቶን፣ ክዳን የሌለው ቱቦ፣ በዝናብ የተቦረቦረ ጠርዝ ይጠብቃችኋል። ደህና እግር ያለው ሰው ሳያስበው ያልፈዋል። ቁርጭምጭሚቱ የተጎዳው ግን እያንዳንዱን እርምጃ አስቦ ነው የሚረግጠው። በክረምት ጭቃ ሲጨመርበትማ አትጠይቁኝ። መንገድ የምትሠሩ ሰዎች ይህን ካነበባችሁ የቱቦ ክዳን ነገር አደራችሁን።

አሁን ወደ ቅቤው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። የእግሩ ግን ይታሻል ብለን ስለምናምን ነው ተረቱ የተተረተው። ወጌሻን አልንቅም። በብዙ ቦታ ከእሱ ሌላ የሚደርስ ሰው የለም፣ የኳስ ቡድኖቻችንም ተጫዋች ሲወድቅ ሜዳ የሚገባውን ሰው ወጌሻ ብለው ነው የሚጠሩት። ከሳምንታት በኋላ የደረቀ እግር በቅባት ቢታሽ ጉዳት የለውም፣ ሊያፍታታም ይችላል። ነገር ግን ትኩስ ጉዳት፣ ገና ደም እየፈሰሰበት ያበጠ እግር በኃይል ሲታሽና «ዞሯል» ተብሎ ሲጎተት የተቀደደው ይባስ ይቀደዳል። አጥንቱ ተሰብሮ ሊሆን እንደሚችልም አትርሱ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ በቀርከሃ ወይም በእንጨት ጥፍር አድርጎ ማሰር ነው። ደም ዝውውሩ ተቋርጦ እግር እስከ መቆረጥ የደረሰባቸው ሰዎች በሀገራችን አሉ፤ የአጥንት ሐኪሞቻችን ደጋግመው የጻፉበት ጉዳይ ነው።

መቼ ኤክስሬይ እንደሚያስፈልግ ለማወቅ እ.ኤ.አ. በ1992 በካናዳ ኦታዋ የወጣ ቀላል መመሪያ አለ። ዓለም ሁሉ ይሠራበታል። በሁለቱ የቁርጭምጭሚት ጉብታዎች የኋላ ጠርዝና ጫፍ ላይ አጥንቱን ሲጫኑት ካመመ፣ ወይም ተጎጂው ጉዳቱ እንደደረሰና ሲመረመርም በራሱ አራት እርምጃ መራመድ ካቃተው ኤክስሬይ ይነሳ ይላል። በውስጥ እግር የውጭ ጠርዝ መሀል ላይ፣ በትንሿ ጣት በኩል፣ ያለው ጉብታ ወይም ከውስጠኛው ጉብታ ፊት ያለው አጥንት ሲጫኑት ካመመም እንደዚያው። ቢያንስ አራቱን እርምጃ ማንም ሰው ሊያስታውሰው ይችላል። አሰልጣኝ ደግሞ በግድ ማወቅ አለበት። ሕፃናት ከሆኑ አጥንታቸው ገና እያደገ ስለሆነ ቶሎ ሐኪም ቢያያቸው ይሻላል።

ስብራት ከሌለስ? ወር ሙሉ መተኛት መፍትሔ አይደለም። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ቀናት ማሳረፍ፣ ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ፣ በፋሻ ወይም በመደገፊያ መያዝ፤ ከዚያ ሕመሙ በፈቀደ መጠን ቶሎ መንቀሳቀስና መርገጥ ነው። የሚያነክስ ሰው ማንከሱን እንዳይለምደው እፈራለሁ። ክራንች ይዞ በትክክል ቢራመድ ያለ ክራንች እያነከሰ ከሚሄድ ይሻላል። ለእናቶቻችንና ለአባቶቻችን መቋሚያም ቢሆን ይሠራል፣ ከተጎዳው እግር በተቃራኒ እጅ ይያዙት።

ከዚያ ሥራው ይጀምራል። እዚህ ጋ ነው ሰው ሁሉ የሚጠፋው፣ ስላላመመው። ግድግዳ ፊት ቁሙ። የእግራችሁን አውራ ጣት ከግድግዳው ትንሽ አርቁና ተረከዛችሁን ሳታነሱ ጉልበታችሁን ግድግዳ አስነኩ። ሁለቱን እግር አወዳድሩ። የተጎዳው ከሌላኛው በሁለት ሳንቲም ሜትርና ከዚያ በላይ ካነሰ ያቺ 10 ዲግሪ ገና አልተመለሰችም ማለት ይቻላል። ያንኑ እንቅስቃሴ እንደ ልምምድ በየቀኑ ሥሩት። ደረጃ ጫፍ ላይ ቆማችሁ ተረከዝ ማንሳትና ቀስ ብሎ ማውረድ። ከአሮጌ የሳይክል ጎማ የሚወጣውን ላስቲክ እግራችሁ ላይ አስራችሁ ወደ ውጭ መጎተት፣ ለእነዚያ ለጎን ጡንቻዎች። በጎን ተኝቶ እግር ማንሳት፣ ለዳሌው። ሚዛኑ ደግሞ ከሁሉም አይቅርባችሁ፦ በአንድ እግር መቆም። ጥርስ ስትፋቁ፣ ቡና እስኪፈላ ስትጠብቁ። ሲቀላችሁ ዓይን ጨፍኖ፣ ከዚያ የታጠፈ ብርድ ልብስ ላይ፣ ከዚያ ኳስ እየተቀባበሉ፣ መጨረሻ ላይ በአንድ እግር ዘሎ ማረፍ። አጠገባችሁ የሚደገፍ ነገር ይኑር።

ይህ የኔ ፈጠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 በኔዘርላንድስ በወጣ ጥናት ወለም ብሏቸው የነበሩ 522 ስፖርተኞች በሁለት ቡድን ተከፈሉ። አንዱ ቡድን ከመደበኛው ሕክምና በተጨማሪ ለ8 ሳምንት ቤቱ ውስጥ፣ ያለ ተቆጣጣሪ፣ የሚዛን ልምምድ ሠራ። ለአንድ ዓመት ተከታተሏቸው። ልምምዱን ከሠሩት 22 በመቶው፣ ካልሠሩት 33 በመቶው እንደገና ወለም አላቸው። ቤት ውስጥ፣ በራሳቸው ነው የሠሩት! ገንዘብ የለም ለሚል ክለብ ይህን ነው የማሳየው። እዚህ ሀገር የማይሠራበት ምንም ምክንያት የለም።

ቀዶ ሕክምናም አለ። ዛሬ በብዛት የሚሠራው እ.ኤ.አ. በ1966 ስዊድናዊው ሐኪም ብሮስትረም ያወጣው፣ የራስን ጅማት አጥብቆ መስፋት ነው። የሚያስፈልጋቸው ሰዎች አሉ፣ ግን ለወራት በአግባቡ ልምምድ ሠርተው ያልተሻላቸው ናቸው። ልምምዱን ሳይሞክሩ ቀዶ ሕክምና የሚጠይቁኝ ያሳዝኑኛል፣ ምክንያቱም ከቀዶ ሕክምናው በኋላም ያው ልምምድ ይጠብቃቸዋል። ችላ ብሎ መተውም ዋጋ አለው። የጉልበትና የዳሌ መገጣጠሚያ ብዙ ጊዜ የሚያልቀው ከዕድሜ ጋር ነው። የቁርጭምጭሚት ግን በአብዛኛው የሚያልቀው ቀድሞ በነበረ ጉዳት ምክንያት ነው፣ በስብራት ወይም በተደጋጋሚ ወለምታ። ታለስ በየእርምጃው ከቦታው ትንሽ ሲንሸራተት ካርቲሌጅ የሚባለው የአጥንቱ ልስልስ መሸፈኛ ለጫና ባልተሠራ ቦታው ላይ ጫና ይደርስበታል። በ20 ዓመቱ ኳስ ሜዳ ላይ ወለም ያለው ልጅ ገና በጉልምስናው ደረጃ መውጣት የሚያቅተው በዚህ ነው።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለእናንተ ነው። በስፖርት ገጻችሁ ተጫዋች ተመልሷል ብላችሁ ስትጽፉ በምን ተመዝኖ እንደተመለሰ ጠይቁልን። እ.ኤ.አ. በ2021 ከተለያዩ ሀገራት የተውጣጡ ባለሙያዎች የተስማሙበት መመዘኛ አለ። አምስት ነገር ያያል፦ ሕመሙን፣ የቁርጭምጭሚቱን እንቅስቃሴና ጥንካሬ፣ ተጫዋቹ ራሱ በእግሩ ላይ ያለውን እምነት፣ ሚዛኑን፣ እና ሩጫና ዝላይን ጨምሮ የጨዋታ ብቃቱን። የሳምንት ቁጥር ብቻ በቂ አይደለም። አሰልጣኙ በአንድ እግሩ አስቁሞታል ወይ? ግድግዳውን አስነክቶታል ወይ? ጋዜጠኛ ይህን መጠየቅ ከጀመረ ክለቡ መልስ ማዘጋጀት ይጀምራል። ጃንሜዳና መስቀል አደባባይ ማለዳ የሚሮጡት ልጆችም ያነቧችኋል። በየዓመቱ ኅዳር ላይ ለታላቁ ሩጫ የሚዘጋጁት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ያለ አሰልጣኝ የሚሮጡ፣ ያነቧችኋል። አምና ወለም ብሏቸው ዘንድሮ ምንም ሳይሠሩ 10 ኪሎ ሜትር የሚሮጡ በመካከላቸው ብዙ አሉ።

ሌላው፣ በጤና ዓምዳችሁ አንድ ግማሽ ገጽ ስጡን። ልምምዶቹን በሥዕል አስደግፌ፣ ከሙያ ባልደረቦቼ ጋር አስመርምሬ፣ ያለ ክፍያ አዘጋጅቼ እልክላችኋለሁ። ከኅዳሩ ሩጫ ቢያንስ ሁለት ወር ቀደም ብሎ ቢወጣ ሯጮቹ 8 ሳምንቱን ለመሥራት ይደርስላቸዋል።

አክባሪያችሁ
አንድ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ
ከአዲስ አበባ